አጥቢያ ስያሜና ይፋ ስያሜ፦ በአሰምብሊ ቋንቋ የስሞችን ወሰን ስለ መበየን

ለኮምፒዩተር ሙያ የአማርኛ ቃላት ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የእንግሊዝኛውን ቃል ዘር መርምሮ ለዚያ ዘር የሚስማማ አማርኛ ወይም ግእዝ መፈለግ ነው። ይህ ዘዴ በብዙ ስፍራ ይሠራል። የማይሠራበትም ስፍራ አለ፤ ይኸውም እንግሊዝኛው ራሱ ቃሉን ከመነሻ ፍቹ አርቆ ለሌላ ጉዳይ ያዋለው እንደ ሆነ ነው። በአሰምብሊ ቋንቋ «ሎካል ሲምቦል» እና «ግሎባል ሲምቦል» የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ፊተኛውን «አካባቢያዊ ምልክት»፣ ኋለኛውን «ሉላዊ ምልክት» ብሎ የተረጐመ ሰው በቃል ደረጃ አልተሳሳተም፤ ይሁን እንጂ በዚህ ትርጕም የተመራ ተማሪ ሉላዊ ያለውን ስም ከየትም ሆኖ ያለ ምንም ሥርዐት መጥራት የሚችል ይመስለዋል፤ አካባቢያዊ ያለውንም ሥራው ሲያበቃ የሚጠፋ አድርጎ ይገምታል። ሁለቱም ግምት ስሕተት ነው። የስሕተቱም ዋጋ በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ፕሮግራም ነው።

በከፍተኛ ትምህርት ቤቶቻችን ይህ ሙያ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ማብራሪያውና የተማሪዎች የእርስ በርስ ውይይት በአማርኛ መካሄዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቃላቱ በመዝገብ ቢገቡም ባይገቡም በአፍ መነገራቸው አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ቃላቱ ከእንግሊዝኛው ሥዕል ሳይሆን ከሥራው ይወሰዱ የሚል ነው፤ ለዚህም ከጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ የቦታ አጠራር ምሳሌ ይወሰዳል። ጽሑፉ ለቋንቋ ባለሙያዎችና ለተርጓሚዎች የተዘጋጀ በመሆኑ የኮምፒዩተሩን ነገር ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ስያሜ

የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ በተራ ቁጥር የተለዩ እጅግ ብዙ ክፍሎች አሉት። የአንዱ ክፍል ተራ ቁጥር አድራሻው ይባላል። ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ «በ4096 ያለውን ደምር»፣ «ወደ 5120 ዝለል» ቢሉት ይፈጽማል። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤድሳክ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ ሲጀምር፣ ዴቪድ ዊለር ያዘጋጁለት የመነሻ ትእዛዛት የእያንዳንዱን ሥራ ዓይነት በአንድ ፊደል ለመጻፍ አስችለው ነበር፤ አድራሻው ግን በቁጥር መጻፉ አልቀረም። የዚህ አጻጻፍ ችግር ግልጽ ነው። ከተጻፈ ፕሮግራም መካከል አንዲት ትእዛዝ ብትጨመር ከርስዋ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይገፋሉ፤ ወደ እነርሱ የሚያመለክቱት ቁጥሮችም በሙሉ ይፈርሳሉ፤ ጸሐፊው እንደ ገና ሲቈጥር ይውላል።

መፍትሔው ለቦታው ስም ማውጣት ነው። ጸሐፊው አንዱን ቦታ «ድምር» ብሎ ከሰየመ በኋላ «ድምርን አምጣ» ብሎ ይጽፋል፤ አሰምብለር የሚባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ጽሑፉን አንድ ጊዜ አንብቦ ስሞቹን ከነአድራሻቸው በሰንጠረዥ ይመዘግባል፤ በሁለተኛው ንባብ በስሙ ምትክ ቁጥሩን ያገባል። ቦታው ቢገፋ ስሙ አብሮ ይሄዳል። ታቦት ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ሲዛወር የቤተ ክርስቲያኑ ስም ከታቦቱ ጋር ሄዶ አሮጌው ቦታ ባዶ ስም እንደሚቀር ሁሉ፣ በአሰምብሊም ስሙ የሚከተለው የተሰየመውን ነገር እንጂ የቦታውን ቁጥር አይደለም። የተገላቢጦሹም ይገኛል፤ አንድ አድራሻ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በተሠራው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ደብረ ማርቆስ ተባለች፤ ቦታዋ ግን አልተነቃነቀም። አሰምብለሩ ሁለቱን ስሞች ለአንድ አድራሻ ቢመዘግብ ምንም አይከፋውም። የሚከፋው አንድ ስም በአንድ ወሰን ውስጥ ለሁለት ቦታ የተሰጠ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ዓይነቱን ስም እንግሊዝኛው «ሲምቦል» ይለዋል። ለዚህ ቃል በሥነ ጽሑፍ ሙያ «ትእምርት» የታወቀ ነው፤ ሆኖም ትእምርት ከራሱ በላይ የሆነ ምስጢር የሚያመለክት ነገር ነውና እዚህ አይስማማም። «ምልክት» ደግሞ ነጥብንም፣ ሰረዝንም፣ የመደመርና የመቀነስ አኀዛዊ ምልክትንም ይይዛል፤ እነዚህ ሁሉ በአሰምብሊ ጽሑፍ ውስጥ የራሳቸው ሥራ ስላላቸው መደባለቅ ይመጣል። «ስም» ብቻ ብንልም አይበቃም፤ የሬጅስተሮችም የትእዛዞችም መጠሪያ ስም ነውና። ልዩነቱ እነዚያን የሰየመው የማሽኑ ሠሪ ሲሆን፣ ሲምቦል የሚባለውን የሚሰይመው ግን የፕሮግራሙ ጸሐፊ መሆኑ ነው። የመሰየምን ሥራ አጉልቶ የሚያሳየው «ስያሜ» የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ብያኔውም እንዲህ ቢሆን፦

ስያሜ፤ የፕሮግራም ጸሐፊ ለአንድ አድራሻ ወይም ለአንድ የተወሰነ ዋጋ የሚሰጠው፣ አሰምብለር በሰንጠረዥ መዝግቦ በቁጥር የሚተካው ቃል።

ወሰን

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በጎዛምን ገጠር አንድ ገበሬ ለጎረቤቱ «ነገ ከሚካኤል እንገናኝ» ቢለው የትኛው ሚካኤል ተብሎ አይጠየቅም። በዚያ አጥቢያ ሚካኤል አንድ ነው። ሌላው አጥቢያም የራሱ ሚካኤል ቢኖረው ሁለቱ አይጋጩም፤ እያንዳንዱ ስም በወሰኑ ውስጥ ሙሉ ነው። ገበሬው ለገበያ ወደ ከተማ በወጣ ጊዜ ግን ስሙን ያሟላል። ለዚህም ነው ከአጥቢያቸው አልፈው በሩቅ የታወቁት ደብሮች ስማቸው ሁል ጊዜ ድርብ የሆነው፦ ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ጎንጅ ቴዎድሮስ። የቅኔ ተማሪ ከሩቅ አገር ተነሥቶ «ወደ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ» አይልም፤ «ዲማ» ይላል። እንዶዳም ኪዳነ ምሕረትንም እንዲሁ የሐዲስ ዓለማየሁ የትውልድ ቦታ መሆንዋን የሚያነብ ሰው «ኪዳነ ምሕረት» ብቻ ቢባል የት እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ወሰኑን ያልጠበቀ ስም ምን እንደሚያስከትል «አማኑኤል» ያሳየናል። በምሥራቅ ጎጃም አማኑኤል ሲባል ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። በአዲስ አበባ ግን አማኑኤል ሰፈር ነው፤ ከዚያም በላይ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት የታወቀው ሆስፒታል ነው። ከማቻከል የመጣ ሰው በአዲስ አበባ «ከአማኑኤል መምጣቴ ነው» ቢል አድማጩ ፈገግ ማለቱ ስለማይቀር ወዲያው «የጎጃሙን ማለቴ ነው» ብሎ መጨመር ይኖርበታል። ስሙ በሁለቱም ወሰን ትክክል ነበር፤ ችግሩ የመጣው ሁለቱ ወሰኖች በተገናኙ ጊዜ ነው።

የኮምፒዩተሩም ነገር ከዚህ አይለይም። ትልቅ ፕሮግራም በአንድ ፋይል አይጻፍም፤ በብዙ ፋይል ይከፈልና እያንዳንዱ ለብቻው በአሰምብለር ይተረጐማል። ከዚያ አገናኝ የሚባል ሌላ ፕሮግራም የተተረጐሙትን ክፍሎች ሰብስቦ አንድ ያደርጋል። አንዱ ፋይል ደመወዝ የሚያዘጋጅ፣ ሌላው ግብር የሚያሰላ ነው እንበል። ሁለቱም ሥራን የሚደጋግም ክፍል ስላላቸው ጸሐፊዎቹ ሳይመካከሩ ሁለቱም «ዙር» የሚል ስያሜ አውጥተዋል። የግብሩ ፋይል ደግሞ «አስላ» የሚል ስያሜ አለው፤ ይህን የደመወዙ ፋይል ሊጠራው ይፈልጋል። ሁለቱ «ዙር» በየፋይላቸው ቢቀሩ አይገናኙም፤ ስለማይገናኙም አይጋጩም። «አስላ» ግን ከፋይሉ መውጣት አለበት። ካልወጣ አገናኙ «ይህ ስያሜ የት እንዳለ አይታወቅም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። በተቃራኒው ሁለቱም «ዙር» እንዲወጡ ቢታወጅ ያው አገናኝ «ስያሜው ሁለት ጊዜ ተበይኗል» ብሎ ይመልሳል።

እንግዲህ «ሎካል» እና «ግሎባል» የሚባለው ልዩነት ይህ ብቻ ነው፤ ስሙ ለአገናኙ ይነገረዋል ወይስ አይነገረውም?

ስለ «ሉላዊ»

በመጀመሪያ መታየት ያለበት እንግሊዝኛው ራሱ በአንድ ቃል ያልጸና መሆኑ ነው። የአይቢኤም 360 አሰምብለር ስያሜን ከፋይል የሚያስወጣውን መመሪያ «ኤንትሪ» ይለዋል፤ መግቢያ ማለት ነው። ለማይክሮሶፍት አሰምብለር ይኸው መመሪያ «ፐብሊክ» ነው። የዲጂታል ኩባንያ ለፒዲፒ-11 ማሽን ያወጣው ማክሮ-11 «ግሎብል» የሚል ሲሆን፣ የግኑ አሰምብለርና ናዝምም ከዚሁ ቃል ይወስዳሉ። አንዱ በር፣ ሁለተኛው አደባባይ፣ ሦስተኛው ሉል አሰበ። ሥራው በሦስቱም አንድ ነው። እንግዲያውስ ሉሉ ከምሳሌዎቹ አንዱ እንጂ የነገሩ ባሕርይ አይደለም፤ ተርጓሚም የግድ ሊከተለው አይገባም።

«ሉላዊ» ዛሬ በፖለቲካና በኢኮኖሚ ጽሑፍ ከዓለም ጋር ለተያያዘ ነገር ሥር የሰደደ ቃል ነው፤ «ዓለም አቀፍ»ም እንዲሁ። ሁለቱም ስፋትን ይናገራሉ። የእኛ ጉዳይ ግን የስፋት አይደለም። ከሁለት ፋይል የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ስያሜ ለሌላው ፋይል ቢወጣ ዓለምን አላካለለም፤ ደጅ ብቻ ወጥቷል። ዋናው ነገር ጸሐፊው «ይህን ስም ሌሎች ይጥሩት» ብሎ ማወጁ ነው። ለዚህ አማርኛችን ያለው ቃል «ይፋ» ነው። ይፋ የሆነ ነገር በማንም ዘንድ ያለ ነገር አይደለም፤ ማንም እንዲያውቀው ተፈቅዶ የተነገረ ነገር ነው። ቃሉ ለግስም ይመቻል፤ ስያሜውን ይፋ አወጣ፣ ይፋ ያልወጣ ስያሜ፣ ይፋ የማውጫ መመሪያ ለማለት ይቻላል። «ሉላዊ አደረገ» ግን ለጆሮም ለእጅም ይከብዳል።

ለተቃራኒው «አካባቢያዊ» የሚለው የሚጐድለው ወሰኑ በውል አለመታወቁ ነው። አካባቢ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማን ያውቃል? አጥቢያ ግን ድንበር አለው፤ የዚህ ወይም የዚያ ተብሎ ይለያል። ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ቢመጣም በሕግ ቋንቋ ገብቶ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የአጥቢያ ዳኛ ሥልጣኑ በአጥቢያው ክልል የተወሰነ ነበር፤ በክልሉ ውስጥ ግን እውነተኛ ዳኛ ነበር። ልክ እንዲሁ አጥቢያ ስያሜ በፋይሉ ውስጥ ከሌላው ምንም የሚያንስ አይደለም፤ አድራሻውም ፕሮግራሙ እስኪያበቃ ጸንቶ ይኖራል። ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከአጥቢያ ዳኛው ፊት የቆመው ባለጉዳይ የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ስለ ነበረ ተቃውሞው ክብደት ያለው አይመስለኝም።

ከዚህ ላይ ለተርጓሚዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በሲ ቋንቋና በመሰሎቹ «ሎካል ቫሪያብል» የሚባል አለ፤ ይህ አንድ ተግባር ሲጠራ ተፈጥሮ ተግባሩ ሲያበቃ የሚጠፋ ነገር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በአገናኙ ሰንጠረዥ ስያሜ እንኳ የለውም። አጥቢያ ስያሜ ከዚህ ጋር የሚጋራው «ሎካል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ አማርኛ የሰየመ መጽሐፍ አንባቢውን አጥቢያ ስያሜ ይጠፋል ወደሚል ግምት ይመራዋል። በሲ ቋንቋ የአጥቢያ ስያሜ ትክክለኛ አቻ በፋይል ደረጃ «ስታቲክ» ተብሎ የተበየነው ነው።

ይፋ የወጣውን ስያሜ ከሌላ ፋይል የሚጠራው ወገን ደግሞ በራሱ ፋይል ውስጥ ያልተበየነ መሆኑን ማሳወቅ ይኖርበታል። ናዝምና የማይክሮሶፍቱ አሰምብለር ለዚህ የተለየ መመሪያ አላቸው። ስለዚህ አንዱ ስም ከወጣበት ፋይል ሲያዩት ይፋ ስያሜ፣ ከሚጠራበት ፋይል ሲያዩት የውጭ ስያሜ ይሆናል። ማክሮ-11 ለሁለቱም ወገን በአንድ መመሪያ ይጠቀማል፤ ከማክሮ-11 መጽሐፍ የሚተረጕም ሰው «ግሎብል»ን ባገኘ ቍጥር አገባቡን አይቶ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው።

በዩኒክስና በሊኑክስ ዘንድ በሚሠራበት በኤልፍ የፋይል ቅርጽ የእያንዳንዱ ስያሜ ወሰን በቁጥር ይመዘገባል፤ አጥቢያው 0፣ ይፋው 1 ነው። አጥቢያዎቹ ሁሉ በሰንጠረዡ ከይፋዎቹ ቀድመው መጻፍ አለባቸው። ሦስተኛም አለ፣ ቁጥሩ 2። እንግሊዝኛው «ዊክ» ይለዋል፣ ደካማ ለማለት። ይህ እንደ ይፋ የሚታይ ሲሆን በዚያው ስም ሌላ ይፋ ስያሜ ቢገኝ ግን ያለ ጠብ ቦታውን ይለቃል። «ደካማ ስያሜ» ማለት ነውር ባይሆንም ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ሹም እስኪሾም ቦታውን ይዞ የሚቆየውን ሰው በመሥሪያ ቤት «ተጠባባቂ» እንደምንለው ይህም «ተጠባባቂ ስያሜ» ቢባል አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም።

ሁለት ዓይነት «ሎካል»

እስካሁን የተነገረው ለፋይል አጥቢያ የሆነውን ስያሜ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ሎካል» በሚለው ቃል ሌላም ነገር ይጠራበታል፤ የተርጓሚዎች ድካም የሚበዛውም ከዚህ ላይ ነው። አንድ ፋይል ራሱ ረጅም ከሆነ በውስጡ መቶ «ዙር» ሊያስፈልግ ይችላል። ለእያንዳንዱ ዙር1፣ ዙር2 እያሉ ስም ማውጣት አሰልቺ ነው፤ ስለዚህ አሰምብለሮች ከፋይልም የጠበበ ወሰን ያላቸው ስሞች ፈቀዱ። በማክሮ-11 እነዚህ ቁጥርና የዶላር ምልክት ያለባቸው ናቸው፤ ወሰናቸውም በሁለት ተራ ስያሜዎች መካከል ያለው ክፍል ነው። ሌላ ተራ ስያሜ ሲጻፍ ወሰኑ ይዘጋል፤ ያው ቁጥር እንደ ገና ለሌላ ቦታ መዋል ይችላል። በናዝም በነጥብ የሚጀምር ስያሜ ከርሱ በፊት ከተጻፈው ተራ ስያሜ ጋር ይያያዛል፤ ከ«አስላ» ሥር «.ዙር» የሚል ቢጻፍ ሙሉ ስሙ «አስላ.ዙር» ይሆናል፤ ከሩቅም በዚህ ሙሉ ስም ሊጠራ ይችላል። ይህ እንግዲህ የዲማ ጊዮርጊስ ሥርዐት ነው፤ በቅርብ ላለው ጊዮርጊስ፣ በሩቅ ላለው ዲማ ጊዮርጊስ።

የሁለቱን ደረጃ ልዩነት አማርኛው ሊያሳይ ይገባል። በአገራችን ሰው የመዝገብ ስም እያለው «የቤት ስም» ይኖረዋል። «ማሙሽ» በየቤቱ አለ፤ እናት ማሙሽ ብላ ስትጣራ የሚመለሰው የራስዋ ልጅ ነው፤ የጎረቤቱ ማሙሽ አይመጣም። ስለዚህ ይህ ሁለተኛው ዓይነት «የቤት ስያሜ» ይባል ዘንድ ቀርቧል። ብያኔዎቹ፦

አጥቢያ ስያሜ፤ በተበየነበት ፋይል ውስጥ ብቻ የሚጠራ፣ በአገናኝ ዘንድ ከሌላ ፋይል ስያሜ ጋር የማይመሳከር ስያሜ።

ይፋ ስያሜ፤ ከሌሎች ፋይሎች እንዲጠራ ጸሐፊው በመመሪያ ያወጣው፣ አገናኝ በመላው ፕሮግራም አንድ ብቻ እንዲሆን የሚጠብቅበት ስያሜ።

የውጭ ስያሜ፤ በሚጠራበት ፋይል ውስጥ ያልተበየነ፣ አድራሻውን አገናኝ ከሌላ ፋይል ፈልጎ የሚሞላው ስያሜ።

የቤት ስያሜ፤ ከፋይል ባነሰ ወሰን ውስጥ የሚሠራ፣ በዚያው ፋይል ለሌላ ቦታ ደግሞ ሊሰጥ የሚችል ስያሜ።

ፊትና ኋላ

ከቤት ስያሜዎች መካከል ለአማርኛ ተርጓሚ የተለየ ወጥመድ ያለበት አንድ ዓይነት አለ። ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት የፕሮግራም ጥበብ መጽሐፋቸው የመጀመሪያ ቅጽ፣ ሚክስ ለተባለው ምናባዊ ማሽናቸው ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኀዞች ለቤት ስያሜ አውለው ነበር። የግኑ አሰምብለርም ይህን መሰል ሥርዐት አለው። «1» የሚል ስያሜ በአንድ ፋይል የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይበየናል፤ በሚጠራበት ጊዜ ግን አቅጣጫ የሚነግር አንድ ፊደል ይጨመርበታል። አንዱ ፊደል ከዚህ በላይ ካለፉት «1»ዎች ቅርቡን፣ ሌላው ከዚህ በታች ከሚመጡት ቅርቡን ያመለክታል። እንግሊዝኛው እነዚህን «ወደኋላ» እና «ወደፊት» ይላቸዋል።

በአማርኛ «ወደፊት» ገና የሚመጣው ነው፤ «በፊት» ግን ያለፈው ነው። «ወደኋላ» የተተወው ነው፤ «በኋላ» ግን የሚመጣው ነው። አንዱ ቃል በመስተዋድዱ ብቻ አቅጣጫውን ይገለብጣል። ተናጋሪ በዕለት ንግግሩ አይሳሳትም። ቴክኒክ የሚተረጕም ሰው ግን «የፊቱ 1»፣ «የኋላው 1» ብሎ ያሳጠረ እንደ ሆነ መስተዋድዱ ጠፍቷልና አንባቢው ያለፈው ይሁን የሚመጣው ለማወቅ ምንም መንገድ የለውም፤ ጊዜን ያሰበ በአንድ ወገን፣ መንገድን ያሰበ በሌላ ወገን ይተረጕመዋል። ለዚህ ሥራ ፊትና ኋላ ጨርሶ ባይገቡ ይሻላል። «ያለፈው 1» እና «የሚመጣው 1» ቢባል አያሻማም። «ላይ» እና «ታች»ም ለገጽ ይሆናሉ፤ ነገር ግን በማኅደረ ትውስታ ሥዕል ትልቁን አድራሻ አንዳንዱ ከላይ፣ አንዳንዱ ከታች ስለሚያደርገው ሌላ ክርክር ይከፍታሉ።

የፊደል ነገር

የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ስያሜን በአማርኛ ማውጣት ምኞት አይደለም። የግኑ አሰምብለር ከላቲን ውጭ የሆኑ ፊደላትን በስያሜ ውስጥ ይቀበላል። የትእዛዞቹና የመመሪያዎቹ መጠሪያ እንደ ላቲኑ ቢቀርም «ድምር» ወይም «አስላ» ብሎ መሰየም ይቻላል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «ድምር» በሰንጠረዡ 9 ባይት ይሆናል፤ ይህ ዛሬ ሸክም አይደለም።

ሸክም የሚሆነው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አሰምብለሩ አያነብም፤ ቁጥር ከቁጥር ያነጻጽራል። ለርሱ «ሥራ» እና «ስራ» ሁለት ስያሜዎች ናቸው፤ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ሦስት ናቸው። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም «ዐዲስ» በዐይኑ «ዐ» ተጽፎ ነበር፤ በጋዜጣና በመንገድ ላይ ጽሑፍ የለመድነው ግን በአልፋው «አ» ነው። አንዱ ጸሐፊ በፋይሉ «ዐዲስ» ብሎ ይፋ ቢያወጣና ሌላው «አዲስ» ብሎ ቢጠራ አገናኙ ሊያገናኛቸው አይችልም። ከዚህም የሚከፋው የግኑ አሰምብለር በፋይሉ ውስጥ ያላገኘውን ስም ሁሉ ያለ ጥያቄ የውጭ ስያሜ አድርጎ የሚያልፈው መሆኑ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው በዚያው በራሱ ፋይል «ሥራ» ብሎ ሰይሞ ጥቂት ወረድ ብሎ «ስራ» ብሎ ቢጠራ እንኳ አሰምብለሩ ዝም ይላል፤ ስሕተቱ የሚገለጸው አገናኙ ጋ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜም የሚነበበው መልእክት «ስራ አልተበየነም» የሚል ስለሚሆን፣ በዓይኑ «ሥራ»ን እያየ ያለ ጸሐፊ ማሽኑ የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል።

በቅኔ ቤት ያደገ የጎጃም ሊቅ ይህን ሲሰማ ፊደልን በሥርዐቱ መጻፍ እንደሚያስፈልግ ማሽኑ መሰከረ ሊል ይችላል። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚለውም ወገን ይኸንኑ ነገር ለራሱ ማስረጃ ያደርገዋል። ክርክሩን እዚህ መፍታት አያስፈልግም። ለአጥቢያና ለቤት ስያሜ ጸሐፊው በአንድ ፋይል ውስጥ ወጥ ይሁን እንጂ እንደ ወደደ ይጻፍ። ለይፋ ስያሜ ግን ፕሮግራሙን በኅብረት የሚጽፉት ሰዎች አስቀድመው አንድ መዝገበ ቃላት መርጠው በአጻጻፉ መስማማት አለባቸው። የትኛውም ቢመረጥ አገናኙ ግድ የለውም፤ የኔ ምርጫ ግን ፊደሉን በዘሩ የሚጠብቀው ነው፤ ምክንያቱም የተጠራጠረ ሰው ዘሩን ቈጥሮ ሊደርስበት ይችላል፤ ልማድን ግን የሚቈጥርበት የለውም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይቀራሉ። ስያሜ ሲበየን በስተመጨረሻው ሁለት ነጥብ ይደረጋል። ይህ ሁለት ነጥብ የላቲኑ መሆን አለበት። የግእዙ ቃል መለያ «፡» ለዓይን አንድ ቢመስልም ለአሰምብለሩ ከፊደላት እንደ አንዱ ነው፤ በስሙ ውስጥ ይቈጠራል እንጂ ብያኔ አይሆንም። በግእዝ የቁልፍ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ይህን ካላወቀ ብዙ ይደክማል። ይኸው ጠባይ ለጥቅምም ይውላል፤ በስያሜ መካከል ባዶ ቦታ ስለማይፈቀድ ድርብ ስምን በጥንቱ ልማድ «ደብረ፡ማርቆስ» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ሁለተኛው የማጥበቅና የማላላት ነገር ነው። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ በአነባበብ የሚለያዩ ቃላት ለማሽኑ አንድ ይሆናሉ፤ ከሞክሼዎቹ ችግር ጋር ፊት ለፊት የሚቃረን ነው። የፕሮግራም መነሻ የሚሆነው ይፋ ስያሜ «ዋና» ቢባል ለአማርኛ ጆሮ መልካም ነው። ነገር ግን የስፖርት ፌዴሬሽን መዝገብ የሚያዘጋጅ ጸሐፊ በሌላ ፋይል የውኃውን ዋና በዚያው ስም ይፋ ቢያወጣ፣ አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ የሚነበቡት ሁለት ቃላት በአገናኙ ፊት አንድ ስም ሆነው ይጋጫሉ። ስለዚህ ለመነሻው «ዋና፡መነሻ»፣ ለስፖርቱ «የውኃ፡ዋና» ተብሎ በድርብ ስም ቢወጣ ይመረጣል።